ሳንባ በቆቦ አውድማ

ኅዳር ሲጋመስ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ቆረጣ ላይ ነው። ከዚያ አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ እህሉ ይወቃል፣ ነፋስ ሲነሳ ላይዳ ይነሳል። ፍሬው እግር ሥር ይወርዳል፣ እብቁ በነፋስ ይሄዳል፤ ከሁሉም የሚቀለው ብናኝ ግን አየሩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ሲያዘራ የዋለ ሰው ማታ ሲናፈጥ የሚወጣው አመድማ ነው። አፍንጫው ቀኑን ሙሉ ሲያጣራ ውሏል።

ብዙ ሰው ሳንባ ራሱ አየር የሚስብ ይመስለዋል። ሳንባ ግን የሚስብበት ጡንቻ የለውም። ሥራው የሚገባን የቀጥቃጩን ወናፍ ስናስብ ነው፤ ወናፉ ሲከፈት ውስጡ ይሰፋል፣ አየሩም ይገባል። በእኛ ደረት ውስጥ ወናፉን የሚከፍተው ድያፍራም የሚባለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ነው። አርፎ ሳለ እንደ ተደፋ ሳህን ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ሲኮማተር ወደ ታች ይዘረጋል፣ የጎን አጥንቶችም ይነሳሉ። ደረት ሲሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ይገባል። ለማስወጣት ጡንቻው መላላቱ ብቻ ይበቃል፤ ሳንባ እንደ ላስቲክ ወደነበረበት ይሰበሰባል። ያረፈ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል።

ለበዓል በግ ያረደ ሰው የአየሩን መንገድ በዓይኑ አይቶታል። የአየር ቧንቧው ሲዳሰስ ቀለበት በቀለበት ነው፤ ቀለበቶቹ ባይኖሩ በየትንፋሹ ተጣብቆ ይዘጋ ነበር። ሳንባው ውኃ ላይ ቢጣል ይንሳፈፋል፣ አብዛኛው አየር ነውና። የእኛም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧው ለሁለት፣ ሁለቱም እንደገና ለሁለት እየተከፈሉ ከ20 ጊዜ በላይ ይቀጥሉና መጨረሻ ላይ ከ300 ሚሊዮን የማያንሱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይገኛሉ። ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ሰፊ አውድማ ይሆናሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ በመሆኑ ኦክስጅን ወደ ደም ይሻገራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም ይወጣል። የምናስገባው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ የምናስወጣው 16 በመቶ ገደማ። ትንፋሻችንን ስንይዝ አስጨንቆ የሚያስተነፍሰንም የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በአብዛኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው።

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ ሲወጣ የቆላው ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍም ኦክስጅኑ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሳሳው አየሩ ራሱ ነው። በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ የተደረገና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት፣ የደማቸው ኦክስጅንም ሆነ ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካው አንዲስ የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። የአገራችን ደገኛ ሌላ መንገድ አግኝቷል፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ወደ አውድማው ልመለስ። ሻካራውን ብናኝ የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ይይዘዋል። ወደ ቧንቧው ያለፈውን ከዓይን የተሰወሩ ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታው ጋር እየጠረጉ ወደ ጉሮሮ ይመልሱታል። በጣም የላመው ግን ከረጢቶቹ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ የሚጠርግ ፀጉር የለም፣ ብናኙን የሚውጡ የሰውነት ሕዋሳት ብቻ ናቸው ያሉት። በተለይ የሻገተ እህል ብናኝ በየዓመቱ ሲደጋገም ሳንባን ያቆስላል። የምድጃ ጭስ ደግሞ ጠራጊዎቹን ፀጉሮች ራሳቸውን ያዳክማል፤ ስለዚህ እንጀራ የምትጋግረው እናት ጉዳቷ ከአዝሪው አያንስም።

ስታዘሩ ነፋሱን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ፤ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ፣ ማስክ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ይሻላል። ለምድጃው ጭስ መውጫ አብጁለት። ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየባችሁም የአውድማ ብናኝ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አክታችሁን አስመርምሩ።