ጭረት ወይስ ስብራት? የእጅ ሰዓት መስታወት ምርጫ

የእጅ ሰዓት ሻጭ ስለ መስታወቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ይሄ አይጫርም»። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የሰዓት መስታወት የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ይጫራል፣ ወይ ይሰበራል። ሁለቱ አንድ ይምሰሉ እንጂ የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ ጭረትን አጥብቆ የሚቋቋም ነገር ለስብራት ሊጋለጥ፣ በጥፍር የሚጫር የሚመስለውም ከመዶሻ ምት ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ «ጠንካራው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ገዢውን ያሳስተዋል ባይ ነኝ። የሚሻለው ጥያቄ ይህ ነው፤ እጄ ላይ ያለውን ሰዓት በብዛት የሚያገኘው ጉዳት የትኛው ነው? ጉዳቱ ሲደርስስ መስታወቱ ምን ይሆናል?

ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛው አክሪሊክ ነው፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲሆን በጀርመን ፕሌክሲግላስ በሚል የንግድ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሁለተኛው ተራው መስታወት ነው፤ የመስኮትና የብርጭቆ ዘመድ፣ ብዙ ጊዜም በሙቀት ወይም በኬሚካል እንዲጠነክር የተደረገ። ሦስተኛው ሰንፔር ነው፤ ከከበሩት ድንጋዮች አንዱ፣ ለሰዓት ሲሆን ግን ፋብሪካ ውስጥ የሚያድግ።

መጀመሪያ ጭረቱን እንመልከት። ብዙ ሰው ሰዓቱን ከቁልፍና ከሳንቲም ያርቃል፤ ነገር ግን ቁልፍና ሳንቲም በአብዛኛው ከመስታወት ይልቅ ለስላሳ ናቸው። እውነተኛው ባላጋራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ነው፤ የአሸዋ ዋናው ማዕድን። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን «ማን ማንን ይጭራል» በሚል መለኪያ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሰጣቸው። በዚህ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ፣ ሰንፔር 9 ላይ፣ አልማዝ 10 ላይ ነው፤ ተራ መስታወት 5 ተኩል አካባቢ ይቀመጣል፤ አክሪሊክ 3 እንኳ አይሞላም። ከሸሚዝ እጅጌ ሥር የገባች፣ ዓይን የማያያት አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስታወቱ ላይ ትጎተታለች። በሹል ጠርዟ ቀጭን ቦይ ትቆፍራለች፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ደግሞ ጥቃቅን ቅርፊቶች ይነሣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ይኸው ነው። የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የግራናይት ጠረጴዛ፣ በጋ ላይ የሚቦነው የመንገድ አቧራ፣ ሁሉም ኳርትዝ አለባቸው። አቧራ ያለበትን ሰዓት በደረቅ ጨርቅ መወልወልም ያንኑ ቅንጣት በገዛ እጅ እንደ መጎተት ነው፤ ውኃ የማያስገባ ከሆነ በውኃ አለቅልቆ መጥረግ ይሻላል።

«በ7 እና በ9 መካከል ያለው እኮ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። የሞስ ቁጥሮች ግን ተራን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ በደረጃና በደረጃ መካከል ያለውን ርቀት አይለኩም። የአልማዝ ሹል ጫፍ በተወሰነ ኃይል ተጭኖ የሚተወው ጉድጓድ ሲለካ ልዩነቱ ይገለጣል። ቪከርስ በተባለው በዚህ መለኪያ አክሪሊክ 20 ገደማ፣ ተራ መስታወት 500 ገደማ፣ ኳርትዝ 1100 ገደማ፣ ሰንፔር ደግሞ 2000 ገደማ ያገኛል። ኳርትዝ በመስታወትና በሰንፔር መካከል መቆሙ ነው ዋናው ነገር። የዕለት ተዕለት አቧራ መስታወትን ያሸንፋል፤ ሰንፔርን ግን አያሸንፍም። ሰንፔርን የሚጭሩት አልማዝ፣ የብረት መሞረጃ ድንጋይና አንዳንድ የብርጭቆ ወረቀቶች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚያገኛቸው ነገሮች አይደሉም።

ሰንፔር ማለት ክሪስታል የሆነ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም፤ ሰማያዊ የሚያደርገው ውስጡ የገባ ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ነው። በእኛም አገር በትግራይ፣ በአክሱም አካባቢ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈጥሮ ሰንፔር በብዛት እየወጣ ነው፤ ነገር ግን ለሰዓት የሚሆነው ከዚያ አይመጣም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦገስት ቬርኑይ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ እንዲወርድ ይደረጋል። ከ2000 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ በሆነው ሙቀት ዱቄቱ ይቀልጥና ከሥር በምትሽከረከር መቆሚያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታው እየረጋ፣ እየተደራረበ፣ በሰዓታት ውስጥ ባለ አንድ አካል ክሪስታል ሆኖ ወደ ላይ ያድጋል። ዛሬ ሌሎች የማሳደጊያ ዘዴዎችም አሉ። ዋጋውን የሚያስወድደው ግን ከማሳደጉ ይልቅ መቁረጡና መወልወሉ ነው፤ ሰንፔርን የሚቆርጠው አልማዝ ነውና። ዶም ቅርጽ ያለው የሰንፔር መስታወት ከጠፍጣፋው የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። አክሪሊክ ግን ሞቅ ተደርጎ በቅርጽ ማውጫ ይጨመቃል፤ ያለቀ ነገር ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሰንፔር ያደላል። ነገር ግን ሰዎችን ወደ ጨረቃ ይዞ በሄደው የአፖሎ ፕሮግራም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈትኖ ያሳለፈው የኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓት መስታወቱ አክሪሊክ ነበር። ምክንያቱን ለማየት የተሰበረን መስታወት ክብደት በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማሰብ ይበቃል፤ ስባሪው መሬት አይወድቅም፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ዓይን ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፣ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። አክሪሊክ ሲመታ ይጎብጣል፤ የምቱን ጉልበት በመጉበጥ ይጨርሰዋል። ሰንፔር ከእሱ ከመቶ እጥፍ በላይ ግትር ነው፤ መጉበጥ ስለማያውቅ ጉልበቱ ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። እዚያች ነጥብ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ከእሱ ይጀምርና በቅጽበት ይሮጣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ስለ መስታወት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የጠጣር ነገር ብርታት በተፈጥሮው ብቻ አይወሰንም፤ ገጹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆችም ይወስኑታል። አክሪሊክም ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ሲመለስ የሰዓቱ መስታወት ተስፈንጥሮ ወጥቶ ነበር።

ከዚህ ተነሥተው «ሰንፔር ተሰባሪ ነው፣ አትግዙት» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። አንዴ የተጀመረ ስንጥቅ እንዳይሮጥ በመከላከል በኩል ሰንፔር ከተራ መስታወት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ እኩል ውፍረት ካላቸው ተራው መስታወት ቀድሞ የሚሰበርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሙን ያጠፉት በቁጠባ የሳሱት መስታወቶችና ከብረቱ ጠርዝ ከፍ ብለው የተገጠሙት ናቸው። የሰንፔር ደካማ ቦታ ዳሩ ነው፤ በር ጉበን ላይ ጠርዙን የተመታ መስታወት ይሸረፋል። መስታወቱ ከብረቱ ቀለበት ዝቅ ብሎ የተቀመጠበትን ሰዓት መምረጥ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል። መሰበሩ ባይበዛም ሲሰበር ግን መዘዙ ይከፋል፤ ስባሪው ራሱ ብረት ይጭራልና፣ በገጹና በሞተሩ ውስጥ የተበተነውን ሰዓት ሠሪው ፈትቶ እስኪያጸዳው ድረስ ሰዓቱን ማሠራት አይገባም።

ስለ ብርሃን የሚነገረው ትንሽ ነው፤ ግን መነገር አለበት። ተራ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶውን ሲመልስ ሰንፔር 8 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይመልሳል። የላይና የታች ገጽ ሲደመር ሰንፔሩ 14 በመቶ ያህል ያንጸባርቃል፤ ፀሐይ ላይ ሰዓቱን ማንበብ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። መፍትሔው ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ነው። ቅቡ ግን ከሰንፔሩ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ በውጪው ገጽ ላይ ከተቀባ ራሱ ይጫራል፤ ባለቤቱም ሰንፔሩ የተጫረ ይመስለዋል። በውስጥ በኩል ብቻ የተቀባውን እመርጣለሁ።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ? ቢሮና መንገድ ላይ ለሚውል፣ ሰዓቱን ለዓመታት ሊያስር ላሰበ ሰው አቧራው የየቀኑ፣ ከባዱ ምት ግን የአልፎ አልፎ ነው፤ አቅም ካለ ሰንፔር። ግንበኛ፣ መካኒክ፣ ብረት ሠሪ፣ ወይም ገና ሮጦ የሚወድቅ ልጅ ከሆነ ርካሹና በቀላሉ የሚቀየረው ተራ መስታወት ያዋጣል፤ በተለይ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክሮ የጠነከረው። እዚያ ውስጥ ትላልቆቹ የፖታሲየም አቶሞች የትናንሾቹን የሶዲየም አቶሞች ቦታ ይይዙና ገጹ ተጨናንቆ ስንጥቅ እንዳይከፈት ይከላከላል። ጭረትን የመቋቋም አቅሙ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ከአባት የተወረሰ አሮጌ ሰዓት ደግሞ አክሪሊኩ ይቆይለት። ጭረቱ ሲበዛ ትንሽ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይዞ በክብ በክብ ለጥቂት ደቂቃ ማሸት ይበቃል፤ በአክሪሊክ የሚቻለው ይህ በሌሎቹ ሁለቱ ቤት ውስጥ የማይሞከር ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ጨርሶ እንዳይነካው፤ ያቀልጠዋል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «ሰንፔር» ተብሎ ከሚሸጠው አንዳንዱ ተራ መስታወት ላይ ስስ የሰንፔር ቅብ ያለበት ነው፤ ቅቡ እስኪላጥ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ተራ መስታወት ነው። ዋናው ሰንፔር ሙቀትን ከመስታወት በሠላሳ እጥፍና ከዚያም በላይ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ የቆየ ሰዓት ሲነካ ከተራው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በከንፈር መንካት ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴዎች ይህንኑ ባሕርይ የሚለካ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አላቸው፤ ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው ሻጩን «በመሣሪያ እንየው» ቢል መብቱ ነው።