የገና ስጦታና የባና ሥራ

ገና በደጋ አገር

ወረኢሉ ደጋ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ለጋምቦም፣ ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣውም አገር እንደዚሁ ብርድ ይበዛበታል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ገና የሚውለው በዚህ ብርድ መካከል ነው።

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ያለችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ነው። ከበዓሉ በፊት ክርስቲያኖች ከኅዳር 15 ጀምረው የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። ጾሙ ሲፈታ ዳቦ ይደፋል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ያለው በግ ያርዳል፤ የሌለው ዶሮ ያርዳል። ወንዶች ልጆችና ጎልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ሜዳ ይወጣሉ። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንግ እየመቱ ገና ይጫወታሉ። በዚህ ጨዋታ ጌታና ሎሌ አይለይም።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቀበሌ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ ገና የክርስቲያን በዓል ቢሆንም ሙስሊሙ ጎረቤት ይጠራበታል። ለሱ የሚሆነው በግ በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻው ይሠራለታል። ሙስሊሙም በበዓሉ ቀን ክርስቲያን ጎረቤቱን እንዲሁ ያደርግለታል።

የበዓሉ ስጦታ

ስጦታ የገና የቆየ ልማድ ነው። ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው እንደ መጡ በመጽሐፍ ተጽፏል። ይሁንና ሕፃኑ ከወርቁ በፊት ያገኘው ሌላ ነገር አለ። እርሱም ጨርቅ ነው። እናቱ በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም እንዳስተኛችው ይነገራል። ለተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀት ነውና።

በኛም አገር ለበዓል ከሚሰጡት ስጦታዎች ዋናው ልብስ ነው። አባት ለልጁ አዲስ እጀ ጠባብ ይገዛል። ከተማ የገባ ልጅ ለእናቱ ነጠላ ይዞ ይመጣል። በአንዳንድ ቤትም ለታጨች ልጅ ከወንዱ ወገን ልብስ ይላካል። በደጋው አገር ግን ከሁሉ የሚከበረው በቤት የተፈተለ ባና ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ከአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። እየፈተሉ ገናን እንዴት እንዳሳለፉ ይጨዋወታሉ። ወጉ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤

“እኔ ዘንድሮ ልጄ ከደሴ ነጠላ አመጣልኝ። ጥለቱ ሲያምር! ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምለብሰው” ትላለች አንዷ።

“የኔስ ስጦታ የዛሬ አይደለም፤ ሙሽራ ሆኜ ስወጣ እናቴ የሰጠችኝ ባና ነው። እሷ አፈር ሆናለች፤ ባናው ግን አሁንም ያሞቀኛል” ትላለች አሮጊቷ።

“እትዬ፣ ያችን የመሰለች ባና ዛሬ ማን ይሠራል? እኔ የፈተልኳትን ለገና ገበያ ሸጥኳት። ለልጆቹ ጫማ ገዛሁበት። እኔ ግን ያው ያረጀችውን ለብሼ ዋልኩ” ትላለች ሦስተኛዋ።

“አብሽሪ እህቴ፣ ለከርሞ ላንቺም ይሆናል” ትላታለች ሙስሊሟ ጎረቤቷ።

የሦስተኛዋ ሴት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ለሌላው ሙቀት የሠራች ሴት ራሷ በርዷት ዋለች። ይህ ለምን ሆነ? ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ባና እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ባና እንዴት ይሠራል?

1ኛ. በጉ ይሸለታል። ጠጉሩ ከጭቃና ከጭንጫ ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ በፀሐይ ይደርቃል። ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩም ለብቻ ይደረጋል።

2ኛ. ጠጉሩ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲነዝር የተጣበቀው ጠጉር ይፈታታል፤ እንደ ጉም ይሳሳል።

3ኛ. ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ብዙ ቀን የሚወስደው ይህ ነው። ሥራው ቀን ብቻ አይሠራም። እራት ከቀረበ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ በእሳት ዳር ይፈተላል። ፈትሉ ወፍራምና ቀጭን እንዳይሆን እጅ የለመደ መሆን አለበት።

4ኛ. ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ድሩን ያደራል፤ ማጉንም በመወርወሪያ እያሳለፈ ይሸምናል። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጨርቁ ረጅም ሆኖ ጎኑ ጠባብ ይወጣል።

5ኛ. ጠባቡ ጨርቅ እየተቆረጠ ጎን ለጎን ይሰፋል። አንድ ሰፊ ባና የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

6ኛ. ጨርቁ በሙቅ ውሃ እየራሰ በእግር ይረገጣል። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃና እርግጫ ሲያገኝ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ ጨርቁ ይሰበሰባል፤ ይጠብቃል፤ ነፋስ አያስገባም።

ባና ሙቀት የሚሰጠው ለምንድን ነው? ባና ራሱ እሳት አይደለም። ሙቀቱ የሚመጣው ከሰውነታችን ነው። በጠጉሩ መካከል ብዙ አየር ታምቆ ይቀመጣል። ይህ አየር የሰውነታችን ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል። በዚህ ምክንያት ባና ትንሽ ቢርስ እንኳ እንደ ጥጥ ልብስ አያቀዘቅዝም።

ባና በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጠላቱ ብል ነው። ብል እርጥበትና ጨለማ ይወዳል። ስለዚህ ባናን አልፎ አልፎ ማራገፍና ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል።

የፈታይዋ ድካም ሲቆጠር

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ሴት እንመለስ። ባናዋን በስንት ሸጠች? ስንትስ አተረፈች? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው። በየገበያው ዋጋ ስለሚለያይ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ለጠጉር 400 ብር ከፈለች እንበል።
ለሸማኔ 300 ብር ከፈለች።
ከእጅዋ የወጣው 700 ብር ሆነ።
ባናውን በ1,000 ብር ሸጠች።

ሴትዮዋ “300 ብር አተረፍኩ” ብላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ነገር ግን አንድ ያልተቆጠረ ነገር አለ። እርሱም የገዛ ድካሟ ነው። ፈትሉ 20 ሙሉ ቀን ፈጀባት እንበል። 300 ብር ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 15 ብር ይደርሳታል። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን 50 ብር ቢያገኝ ኖሮ በ20 ቀን 1,000 ብር ይሆንለት ነበር። እንግዲህ ባናው በ1,700 ብር ካልተሸጠ በስተቀር የፈታይዋ ድካም አልተከፈለም ማለት ነው።

የጠጉር ዋጋ ይታወቃል፤ ሻጩ ይጠይቃልና። የሸማኔ ዋጋም ይታወቃል፤ ሸማኔው ይጠይቃልና። የሴቷ ፈትል ግን እንደ ወጥና እንደ እንጀራ የቤት ሥራ ብቻ ሆኖ ይታያል። ሌሊት በእሳት ዳር ስለተሠራ ማንም አልቆጠረውም። ራሷም አልቆጠረችውም። ከፋብሪካ የሚወጣ ርካሽ ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ሲመጣ ደግሞ ገዢው “ይህን በዚህ ዋጋ አገኛለሁ” እያለ ዋጋዋን ያስወርዳታል። የፋብሪካው ልብስ ቶሎ የሚሳሳ፣ የሷ ግን ለልጅ የሚተርፍ መሆኑን አስረድታ ካልተከራከረች ትጎዳለች።

ለዚህ ማንበብና መጻፍ ይረዳል። ወፍራም ደብተር አያስፈልግም። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ማስመር ይበቃል። በአንደኛው ቀኑ፣ በሁለተኛው የተሠራው ሥራ፣ በሦስተኛው የወጣው ገንዘብ ይጻፋል። ለምሳሌ፤

ኅዳር 3 ቀን፤ ጠጉር ተገዛ፤ 400 ብር።
ኅዳር 5 ቀን፤ ግማሽ ቀን ተፈተለ።
ኅዳር 7 ቀን፤ አንድ ሙሉ ቀን ተፈተለ።

በመጨረሻ ቀኖቹ ይደመራሉ። ገበያ የምትወጣ ሴት ይህን ወረቀት ይዛ ከወጣች ዝቅተኛ ዋጋዋን ታውቃለች። ከዚያ በታች ስትሸጥም ምን ያህል እንደ ቀረባት አውቃ ትሸጣለች።

ይህ ሲባል ስጦታ ሁሉ በብር ይቆጠር ማለት አይደለም። እናት ለልጇ የሰጠችው ባና ዋጋ አይወጣለትም። ነገር ግን ተቀባዩ በውስጡ ስንት ሌሊት እንዳለ ቢያውቅ ይከበር የነበረው ስጦታ ይበልጥ ይከበራል። የፈተለችውም ሴት ትመሰገናለች።

በሌላ አገር ያሉ ሴቶች

ጠባብ ጨርቅ እየሰፉ ሰፊ የብርድ ልብስ ማውጣት በኛ ደጋ ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ አላባማ በሚባል ክፍል፣ ጂዝ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት ከነበሩ ጥቁር ሰዎች የተወለዱ ድሃ ገበሬዎች ነበሩ። የመንደሩ ሴቶች የሥራ ልብስ ሲያረጅ አይጥሉትም ነበር። ደህና ደህናውን እየቆረጡ፣ ቁርጥራጩን እየገጣጠሙ ድርብ የብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እኛ ብናየው ድሪቶ እንለው ይሆናል። የላዩን እያንዳንዷ በየቤቷ ትገጣጥማለች። ከዚያ በአንዷ ቤት ተሰብስበው ድርቡን አብረው ይሰፋሉ፤ እየሰፉም ይጨዋወታሉ። ልክ እንደ ፈትል ወግ ማለት ነው።

በዚያው ወረዳ ያሉ ሴቶች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። የሰፉትን በየግላቸው ለአላፊ አግዳሚ በርካሽ ከመስጠት ይልቅ በማኅበሩ በኩል ኒው ዮርክ ድረስ መሸጥ ቻሉ። በ2002 ደግሞ በጂዝ ቤንድ ሴቶች የተሰፉት የብርድ ልብሶች በኒው ዮርክ ታላቅ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅለው ሰው ሁሉ አደነቃቸው። ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን የሰፉት ድሪቶ እንደ ትልቅ ጥበብ ተቆጠረ። ሥራው ቀድሞም ያው ነበር። የተለወጠው የሰው አመለካከትና የሴቶቹ ኅብረት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን። አንድ ክር በጣት ይበጠሳል። ብዙ ክር ሲያብር ግን አይበጠስም።

ቀደም ሲል አንድ ባና ለመፍተል 20 ቀን ይፈጃል ብለናል። አሥር ሴቶች ቢሰበሰቡና እያንዳንዷ ሁለት ቀን ብትሰጥ 20 ቀን ይሞላል። በሁለት ቀን ደቦ የአንዷ ሴት ፈትል ያልቃል ማለት ነው። ተራው እንደ ዕቁብ በዕጣ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ዓይነት አሥሩም ሴቶች በየተራቸው ባና ያገኛሉ። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ ደቦ ትገባለች። የተራውን ስም የሚጽፍ፣ የቀኑንም ብዛት የሚመዘግብ አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይበቃል። ለሽያጭ ሲሆንም አሥሩ በአንድ ድምፅ ዋጋ ቢቆርጡ ነጋዴው አንዷን ከሌላዋ እያወዳደረ ዋጋ አያስወርድም።

የገና ቀን ባና ለብሶ የሚሞቅ ሰው፣ ባናውን የሸመነውን ሸማኔ ብቻ ሳይሆን የፈተለችውንም ሴት ያስብ። የፈተለችውም ሴት ብትሆን ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሷም አንድ ባና ትፍተል።

እስቲ እንወያይ

1. ባና ሙቀት የሚጠብቀው እንዴት ነው?
2. ጨርቁ በሙቅ ውሃ የሚረገጠው ለምንድን ነው?
3. አንዲት ሴት ለጠጉር 500 ብር፣ ለሸማኔ 300 ብር ከፈለች። 24 ቀን ፈተለች። ባናውን በ1,400 ብር ብትሸጥ በቀን ስንት ብር ደረሳት?
4. በእናንተ ቀበሌ ለበዓል የሚሰጡ፣ በእጅ የተሠሩ ስጦታዎች ምን ምን ናቸው? ማን ይሠራቸዋል? በስንት ቀን?