ነዳጅ ቆጣቢ መሣሪያዎች በእርግጥ ይቆጥባሉን?

አንድ የታክሲ ባለንብረት በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሠር ማግኔት ለሙከራ ተሰጥቷቸው ወደ ቢሮዬ መጡ። «ከሚወስደው ቤንዚን ሩቡን ይቆጥብልዎታል ብለውኛል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዋጋውን ሳይከፍሉ መጠየቃቸው ያስመሰግናቸዋል።

የሻጮቹ መከራከሪያ ዘወትር አንድ ነው፤ ሞተሩ ሳያቃጥል የሚያስወጣውን ነዳጅ መሣሪያው ያቃጥለዋል ይላሉ። ይሁን እንጂ በደኅና ይዞታ ላይ በሚገኝ ዘመናዊ ሞተር ውስጥ ከገባው ነዳጅ 97 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ቃጠሎው ፍጹም ቢሆን እንኳ የሚተርፈው ከ3 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ትልቁ ብክነት ሙቀቱን ወደ ሥራ በመለወጡ ላይ ነው። ከቤንዚኑ ኃይል ሩብ ያህሉ ብቻ ወደ ሥራ ሲለወጥ፣ የቀረው በአብዛኛው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል በሙቀትነት ይሄዳል። ከሙቀት የሚገኝ ሥራ ገደብ እንዳለው ፈረንሳዊው ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 አሳይቷል፤ ይህን ገደብ ማግኔት አይሽረውም። ቤንዚን ራሱ ዲያማግኔቲክ ስለሆነ ማግኔት የሚገፋው እጅግ በደከመ ኃይል ነው፤ የሞለኪውሎቹን ትስስር አይለውጥም።

ይበልጥ አሳሳቹ ግን ውኃን በመኪናው ኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለያይቶ ለሞተሩ የሚመግበው ነው። እስቲ እናስላው። ለዚሁ ተግባር 100 እጅ የቤንዚን ኃይል ብናውል፣ ሞተሩ ወደ 25 እጅ ሥራ ይለውጠዋል። ዲናሞው ከዚህ 60 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ 15 እጅ ይቀራል። ውኃውን የሚለያየው ዕቃ 70 በመቶ ቢሠራ (ለጋስ ግምት ነው) በሃይድሮጅኑ ውስጥ የሚገኘው 10 እጅ ያህል ነው። ያም ተመልሶ በዚያው ሞተር ሲቃጠል ከ3 እጅ ያነሰ ሥራ ይሰጣል። 25 አበድሮ 3 እንደ መቀበል ነው።

ታዲያ «ሞክሬው ቆጥቤበታለሁ» የሚል አሽከርካሪ ይዋሻልን? አይመስለኝም። መሣሪያውን ያስገጠመ ሰው እግሩ በነዳጅ መስጫው ላይ ይለዝባል፤ ሻማውንና ፊልትሮውንም በዚያው ሊያስቀይር ይችላል። የአንድ ታንከር ልኬትም በመንገድ መጨናነቅና በጭነት ምክንያት ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ100 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን መርምሮ ጥቂት መሻሻል ያየው በጣት በሚቆጠሩት ብቻ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የጭሱን ብክለት ጨምረዋል።

ለባለንብረቱ ይህን ካስረዳሁ በኋላ አብረን ወደ መኪናቸው ወረድን። የኋላ ግራ ጎማው አየር ጎድሎት ነበር።