አንዱ ትራክተር ሲበዛ ሌላው ለምን ጠፋ?

ከአዋሽ ከተማ ተነስተን ወደ ሰመራ እንጓዝ። መንገዱ ረጅም ነው። ሙቀቱም ኃይለኛ ነው። በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ ርቆም በዱብቲ ጥጥ ሲበቅልበት የኖረ ሰፊ መሬት አለ። ይህን መሬት የከፈተው በሬ አይደለም። የአፋር ሰው ግመልና ከብት አርቢ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ የደጋ ልማድ ነው። እዚህ ቆላ ላይ ትልቁን እርሻ ያረሰው ትራክተር ነው።

ትራክተሮቹ ግን እኩል አልቆዩም። አንዱ ዓይነት ሃምሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ተሳቢ ይጎትታል። ሌላው ዓይነት ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሁለቱም ብረት ናቸው። ሁለቱም ናፍታ ይጠጣሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ትራክተር ወደ ሸለቆው እንዴት እንደገባ እንይ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን። የውጭ አገሩን ግን እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ፣ ዱብቲ አካባቢ፣ የጥጥ እርሻ ጀመረ። በአውሳም ሱልጣን አሊሚራህ ሃንፈሬና ሌሎች ጥጥ ያለሙ ነበር። ባለ እርሻው ብዙ ነው። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ትራክተር ይገዛል። ስለዚህ የትራክተሩም ዓይነት በዛ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ትልልቆቹ እርሻዎች የመንግሥት ሆኑ። በ1970ዎቹ ደግሞ ናዝሬት ላይ፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተከፈተ። የሚገጣጠመው ቤላሩስ ነው። ቤላሩስ ሚንስክ በሚባል ከተማ የሚሠራ ትራክተር ነው። አዳማ ከአዋሽ ከተማ ሩቅ አይደለችም። መለዋወጫውም፣ ሥራውን የሚያውቀው መካኒክም ቀረበ። ቤላሩስ የበዛው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትራክተር እንደ ሰው ዘመድ ይፈልጋል። ዘመድ ስንል መለዋወጫ የሚጋራው ሌላ ትራክተር ማለታችን ነው። ሞተሩ ሲታመም፣ ፍሪሲዮኑ ሲበላ፣ ዘመድ ያለው ይድናል። ዘመድ የሌለው ይቆማል። አንዴ ከቆመ ደግሞ ጎማው ይፈታል፣ ባትሪው ይወሰዳል። በመጨረሻ ቁራሌው በኪሎ ይገዛዋል።

ማሴ ፈርጉሰን 135ን እንውሰድ። ይህ ቀይ ትራክተር መሠራት የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩ ፐርኪንስ ይባላል። ሦስት ሲሊንደር አለው። ሲሊንደር ማለት ፒስተን የሚመላለስበት ቀዳዳ ነው። እንግሊዞች ይህን ሞዴል ከተዉት ቆይተዋል። ግን ሕንድና ፓኪስታን የማሴ ፈርጉሰን ዓይነት ትራክተር በፈቃድ መሥራት ቀጠሉ። ስለዚህ ዕቃው አልጠፋም። ትራክተሩም አልጠፋም።

ታዲያ በብዛት የተሠራ ሁሉ ይቆያል? የለም። ፎርድሰን የሚባለው የአሜሪካ ትራክተር ከ1917 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. ከ700 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ጎማው ግን ብረት ነበር። ባለ ላስቲክ ጎማ ሲመጣ ብረቱ ተናቀ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አሜሪካኖች አሮጌ ብረት ሰብስበው ለጦር መሣሪያ አቀለጡ። ብዙ አሮጌ ትራክተር እዚያ ውስጥ ገባ።

ከመጀመሪያውም ጥቂት የተሠራ አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ሞላይን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እንደ መኪና በር ያለው ትራክተር አወጣ። ገበሬው አይቶ ሳቀ። ዋጋው ውድ ነበር። 150 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ዛሬ አሮጌ ትራክተር የሚሰበስቡ ሀብታሞች ለዚህ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ያኔ ማንም ያልፈለገው ዛሬ ብርቅ ሆነ። እኛ ግን የምናወራው ስለሚያርስ ትራክተር ነው እንጂ ስለ ጌጥ አይደለም።

በአዋሽ ሸለቆ ሌላም ነገር አለ። መሬቱ ከባድ ነው። አቧራው ሞተር ውስጥ ይገባል። በመስኖ ብዛት ጨው ወደ ላይ ወጥቶ በአሚባራ አንዳንድ የጥጥ መሬት ተትቷል። ጨው ብረትንም ይበላል። በ1970ዎቹ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። አፋሮች ደርጊ ሐራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ይህ ዛፍ የተተወውን መሬት ወረሰው። እሾሁ ጎማ ይበሳል። በጥቂት ዓመት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይሆናል። እዚያ መሬት ላይ የቆመ ማሽን ቢኖር ዛፉ ይውጠዋል።

በተንዳሆም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጥጡ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተሰጠ። አገዳ ሌላ ማሽን ይፈልጋል። የጥጡ ትራክተር ሥራ ፈታ። ሰመራ ላይ አሮጌ ትራክተር ብታጡ አይግረማችሁ፤ ሰመራ ራሷ አዲስ ከተማ ናት። የድሮው እርሻ ያለው ዱብቲ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ዱብቲ አካባቢ አንድ ማኅበር አለ እንበል። አንድ ማሴ ፈርጉሰን 35 አለው። ቀይ ነው። ጊዜው ሚያዝያ ነው። ጥጥ ሊዘራ ነው። ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ። የፒስተኑ ቀለበት አልቋል። ማኅበሩ ገንዘብ አዋጣና አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ላከ። መንገዱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰውዬው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገባ። «የማሴ ፈርጉሰን 35 ቀለበት ስጠኝ» አለ። ባለ ሱቁ ሰጠው። ከፍሎ ተመለሰ።

ቀለበቱ አልገባም!

ለምን? ማሴ ፈርጉሰን 35 ሁለት ዓይነት የናፍታ ሞተር ነበረው። የመጀመሪያው ባለ አራት ሲሊንደር ነው። በብርድ አገር ጠዋት አልነሳ እያለ ገበሬውን አስመረረ። መቼም በዱብቲ ሙቀት ይህ ችግር አይሆንም ነበር። ከ1959 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ግን በባለ ሦስቱ ፐርኪንስ ተተካ። ብዙ ሰው የፊተኛውን ነቅሎ በፐርኪንስ ቀየረው። ባለ አራቱ እየጠፋ ሄደ። ቀለሙ አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ዘመዱ ግን ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ የተገኘው የባለ ሦስቱ ነው።

ትራክተሩ ላይ፣ መሪው አጠገብ፣ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። መለያ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። አቧራና ቅባት ሸፍኗታል። ትናንሽ ፊደልና ቁጥር ናቸው፤ ግን ብዙ ይናገራሉ። ከማሴ ፈርጉሰን በፊት የነበረው ግራጫው ፈርጉሰን ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ቲ-ኢ-ኤ 20 የሚለው በቤንዚን ይሠራል። ቲ-ኢ-ኤፍ 20 የሚለው በናፍታ ነው። የተለየው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ቲ-ኢ-ኬ 20 ደግሞ በወይን ተክል መካከል እንዲያልፍ የጠበበ ነው። እሱ ጥቂት ነው የተሠራው።

ሰውዬው ሰሌዳዋን በጨርቅ ወለወለ። ቁጥሩን አንድ በአንድ እያየ በወረቀት ገለበጠ። የሲሊንደሩንም ብዛት ጻፈ። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ እንደገና አውቶቡስ ተሳፈረ። በዚህኛው ጊዜ ሦስት ሱቅ «የለንም» አሉት። አራተኛው አንድ ቀን አስጠብቆ ከሌላ ቦታ አስመጣለት። ዋጋው ከፊተኛው ይበልጣል። ዱብቲ ሲመለስ ሰኔ ገብቷል። ከመሬቱ ግማሹ ሳይታረስ ነው የጠበቀው።