«ቤት ያፈራውን»፦ በሰው አገር ከትንንሽ ልጆች ጋር ዘመድ ስለ መቀበል

ዛሬ የምንነጋገረው ከአገር ቤት ለጥየቃ ስለሚመጣ ዘመድ ነው። ርእሱን ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ። አንዷ «እናቴን ላስመጣ ነው፤ ልጆቹን ትይዝልኛለች» ትላለች። ሌላዋ «ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ በምን ፊቴ እቀበላታለሁ?» ትላለች። ሁለቱም የሚጨነቁበት ነገር አንድ ነው።

ዑለያ ውስጥ ፎቶ ስንነሣ ብዙ ጊዜ ከኋላችን የሚታየው ኪንግደም ሴንተር ነው። ቁመቱ 302 ሜትር የሆነ ሕንጻ ነው። ፎቶው አገር ቤት ሲደርስ ሕንጻው እንጂ የምናድርባት ክፍል አትታይም። ዘመድም የሚመጣው ፎቶው ውስጥ ወዳየው ኑሮ ነው።

አንዲት እኅታችን ስሟን ሳልጠራ ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። ባለቤቷ በኩባንያ ኢቃማ ይሠራል፤ የአራት ዓመት ልጅና የዓመት ተኩል ሕፃን አሏቸው። እናቷን ከደብረ ብርሃን ስታስመጣ በስልክ «ቤታችን ሰፊ ነው» ብላቸው ነበር። ስለዚህ ሳይደርሱ ተበድራ አዲስ ምንጣፍና ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛች። በመጡ በአራተኛው ቀን ልጆቹን ለእሳቸው ትታ ወደ ሥራ ሄደች። እናትየው ቆሻሻ ሊያወጡ ብቅ ሲሉ በሩ በራሱ ተዘጋ። ልጆቹ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ ቀሩ። ቁልፍ የለ፣ ስልክ የለ፣ ዓረብኛ የለ። ምድጃው ላይ ወጥ ተጥዷል። ትልቁ ልጅ መቆለፊያውን ማዞር አልቻለም። የሕንጻው ሃሪስ ጩኸታቸውን ሰምቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ ወጡ አርሮ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ልጆቹ ተረፉ። ማታ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ እናትየው እንዲህ አሉ፦ «ቴሌቪዥኑን ከምትገዢልኝ የበሩን ነገር ብታሳዪኝ ምን ነበረ?»

እኅቶቼ፣ እኔም ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን» ብለን እናቀርባለን። ያለንን እንሰጣለን፤ የሌለን አያሳፍረንም ማለት ነው። ደግሞም አገር ቤት እንግዳ የምትቀበለው አንዲት ሴት ብቻዋን አይደለችም። ጎረቤት እንጀራ ታቀብላለች፣ ልጆቹ ደጅ ይጫወታሉ፣ ቡናውን ሌላዋ ታፈላለች። እዚህ ግን ያ ሁሉ የሚወድቀው ከሥራ ደክማ በምትመለስ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ የአገር ቤቱን ወግ ሙሉውን እንፈጽም ካልን የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ትኬት ሳይቆረጥ እውነቱን ንገሩ። በቪዲዮ ስትደውሉ ስልኩን አዙራችሁ ክፍሉን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ደረጃውን አሳዩ። ስንት ሰዓት እንደምትወጡና እንደምትገቡ ተናገሩ። እንግዳው ሲመለስ ስንት ብር ልትሰጡት እንደምትችሉ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ቁረጡ። «እናያለን» የሚለው ቃል አገር ቤት ሲደርስ ተስፋ ይሆናል፤ ተስፋውም ቂም ይወልዳል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ጠብቁ። የዚያራ ቪዛ የመጠየቂያ ነው፤ ሥራ አይሠራበትም። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና እንግዳው የሚቆይበት ቀን የተለያዩ ናቸው፤ የመቆያው ቀን የሚቆጠረው ከገባበት ዕለት ነው። ማራዘም ካስፈለገ ቀኑ ሳያልፍ በአብሸር ይጠየቃል። እንግዳው በጊዜው አለመመለሱን ሳያሳውቅ የቀረ ያስመጣው ነዋሪ እስከ 50,000 ሪያል መቀጮ፣ እስከ 6 ወር እስራትና ከአገር መባረር ሊያገኘው ይችላል። ይህ ማለት የልጆቻችሁ አባት ነው። እናቶቻችን የሚቆጥሩት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ የመመለሻውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

በመዳም ቤት የምታድሩ እኅቶችም አዲስ የመጣች የአክስት ልጅ ልትጠይቃችሁ ትፈልግ ይሆናል። ቤቱ የእናንተ ስላልሆነ ሳታስፈቅዱ አታስገቡ። በእረፍታችሁ ቀን ውጭ ተገናኙ። ኅዳር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው ሜትሮ ሰማያዊው መስመር ዑለያንና ባትሃን ያገናኛል፤ የ4 ሪያል ትኬት ለሁለት ሰዓት ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ሻንጣውን ጠይቁ። ሽሮና በርበሬ ሲላክ ከሥሩ የሰው «አደራ» ይገባል። ጫት እዚህ አገር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፤ አረቄና ጠጅም ክልክል ናቸው። እናታችሁ ያልከፈቱትን የሰው እቃ እንዳይዙ ደጋግማችሁ ንገሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሚቆዩበት ጊዜ የሚበቃውን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይዘው ይምጡ።

አራተኛ፣ ጊዜውን ምረጡ። ከደብረ ብርሃን ብርድ የወጣ ሰው በሐምሌ ሪያድ ሲደርስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። መንግሥት ራሱ ከሰኔ 8 ጀምሮ ለሦስት ወር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል። ሠራተኛ ከተከለከለ አያትና ሕፃን ምን ሊሆኑ ነው? ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

አምስተኛ፣ አያት ሞግዚት አይደሉም። ልጆቹን ለእሳቸው ከመተዋችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አብራችሁ ዋሉ። በሩን፣ ምድጃውን፣ አሳንሰሩን፣ ኤሲውን ራሳቸው እየነኩ ይልመዱ። ቁልፍና ስልክ በአንገታቸው ይንጠልጠል። የእናንተን ቁጥር፣ 911ን፣ የአምቡላንሱን 997 በትልቁ ጻፉላቸው። ዓረብኛ የምትችል አንዲት ጎረቤት አስተዋውቋቸው።

የልጆቹን ልማድም አታፍርሱ። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በመዳም ቤት እንግዳ ሲበዛ ልጁ እንቅልፉ ይዛባል፣ ምግብ ይጠላል፣ ማታ ያለቅሳል፤ የምታባብሉት እናንተ ናችሁ። ለሰው ልጅ የምታውቁትን ለራሳችሁ ልጅ አትርሱት። እንግዳ መጣ ተብሎ ልጅ ከመኝታ ሰዓቱ አይለፍ። አያቱን ገና ካልለመደ በግድ «ሳም» አትበሉት፤ በሦስት ቀን ራሱ ጉልበታቸው ላይ ይወጣል።

ያቺ እኅታችን በማግስቱ ከባለቤቷ ጋር ተነጋግራ ቴሌቪዥኑን ለገዛችበት ሱቅ በኪሳራ መለሰች። ለአሥር ቀን ሥራዋን ቀነሰች። እናቷም ጠዋት ጠዋት ገንፎ እያገነፉ ልጆቹን አማርኛ ሲያስተምሩ ሰነበቱ። በቀናቸው ተመለሱ። አገር ቤት ደርሰው ለጎረቤት የተናገሩት ስለ ሕንጻው አልነበረም፤ «ልጄ ጠንካራ ሆናለች፤ ከገንዘቧ ጋር አታስቸግሯት» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ፈልጎ የሚደውልላት ዘመድ ቀንሷል።

በወንጌል ማርታ በአገልግሎት ብዛት ስትባክን ታስታውሳላችሁ። እኛ ሁላችን ማርታዎች ነን፤ ቀኑን ሙሉ ስናገለግል እንውላለን። እናት ባሕር ተሻግራ የምትመጣው ግን ልጇን ለማየት ነው። ጊዜ ካጣችሁ ወጡን ቀንሱና አጠገቧ ተቀመጡ።

አምላክ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።