ስታቲስቲክስን በሰቆጣ ቃል ኪዳን



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፤ ስታቲስቲክስ ክፍል ገብተን ሰሌዳው በግሪክ ፊደላት ሲሞላ ያልደነገጠ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ፊደላቱ ግን ስሞች ብቻ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን በአገራችን ጉዳይ እንያቸው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»ን ይፋ አደረገ። ስሙ የተወሰደው ከዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ነው፤ ግቡም እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። አንድ ልጅ ቀንጭሯል የሚባለው ግን በምን ተለክቶ ነው?

ፖፑሌሽንና ናሙና፦ ልናውቀው የምንፈልገው ሙሉው ክፍል ፖፑሌሽን ይባላል፤ ለምሳሌ በዋግ ኽምራ ያሉ ሕፃናት በሙሉ። ብዛቱ በካፒታል ኤን ይጻፋል። ሁሉንም መለካት ስለማይቻል የምንመርጣቸው ጥቂቶች ናሙና ናቸው፤ ብዛታቸው ስሞል ኤን ነው። ሰቆጣ ከተማ ያሉትን ብቻ ለክተን ስለ ዞኑ ብንናገር፣ ከተራራው ማዶ ያለው ልጅ ከቁጥራችን ውጭ ይቀራል።

አማካይና ሚዲያን፦ ልኬቶቹ ተደምረው ለብዛታቸው ሲካፈሉ አማካይ ይገኛል። የፖፑሌሽኑ ሚዩ፣ የናሙናው ኤክስ ባር ይባላል። ሚዲያን ደግሞ ልጆቹ በቁመት ቢሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው ልጅ ቁመት ነው።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፦ ልኬቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ያሳያል። ለፖፑሌሽን ስሞል ሲግማ፣ ለናሙና ስሞል ኤስ ነው። ካፒታል ሲግማ ግን «ደምሩ» ማለት ነው፤ አናምታታቸው።

ዜድ፦ አንድ ልኬት ከመሐሉ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደራቀ ይነግረናል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መለኪያ፣ ድፍን ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ ሚዲያኑ 87.1 ሴንቲ ሜትር፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3.05 ገደማ ነው። የአንድ ልጅ ቁመት 79.5 ነው እንበል፦

ዜድ = (79.5 − 87.1) ÷ 3.05 = −2.5

ዜዱ ከ−2 በታች የሆነ ልጅ ቀንጭሯል፤ ከ−3 በታች ከሆነ መቀንጨሩ ከባድ ነው።

«የእኛ አገር ሰው ተፈጥሮው አጭር ነው» የሚል አይጠፋም። መለኪያው ግን የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደንብ ተመግበው ካደጉ ልጆች ነው፤ የእነዚህ ሁሉ ልጆች ዕድገት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በእንዲህ ያሉ ጤናማ ሕፃናት መካከል ከ−2 በታች የሚወርዱት ከ100 ሁለት ያህሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ፣ በአማራ ክልል 46ቱ ቀንጭረው ነበር። በሁለትና በ46 መካከል ያለው ልዩነት የተፈጥሮ ሳይሆን የምግብ፣ የንጹሕ ውኃና የሕክምና ጉድለት ነው።

ነገ ከእኛ መካከል ሜትር ይዞ ወደ ቀበሌ የሚወርድ፣ መዝገብ የሚሞላም ይኖራል። ሳይለካ የተሞላ ቁጥር የአንድን ልጅ ሐቅ ያስቀራል፤ ቁጥር አማና ነው።

በሚቀጥለው እትም ስለ ፒ ቫልዩ ኢንሻአላህ እንመለሳለን። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን።