በፋክስ የሚላክ ሰነድ አዘገጃጀት

መግቢያ

በሶሮ ወረዳ፣ በጃጁራና አካባቢው የምትገኙ ሞዴል አርሶ አደሮች የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ጥያቄ፣ የማህበር ቃለ ጉባኤ ወይም የዘር ብዜት ውል ወደ ሆሳዕና፣ ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ በፋክስ መላክ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ፋክስ ፈጣን ነው፤ ሆኖም በሚገባ ያልተዘጋጀ ወረቀት ሳይነበብ ይቀራል። ታርሞ እንደገና እስኪላክ ድረስ ደግሞ የመኸር ዘር ወቅት ሊያልፍ ይችላል።

ፋክስ እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ወረቀቱን በቀጫጭን መስመሮች ከፋፍሎ ያነባል፤ እያንዳንዱን ነጥብ ጥቁር ወይም ነጭ ብሎ በስልክ መስመር ይልካል። በመደበኛ አሠራር በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚነበቡት ወደ 4 የሚጠጉ መስመሮች ብቻ ናቸው። ስለሆነም የፊደል ቅጥያዎች፣ ነጥቦችና ፈዛዛ ቀለሞች በቀላሉ ይጠፋሉ።

ከመላክ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

1. በነጭ ኤ4 ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ጎላ አድርገው ይጻፉ። በየጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዉ። በእርሳስ አይጻፉ።

2. መጠንን በአኃዝም በፊደልም ይጻፉ። «1.5 ኩንታል» ነጥቡ ከጠፋ 15 ኩንታል ሆኖ ይነበባል፤ 3 እና 8፣ 1 እና 7ም ይምታታሉ። «1.5 (አንድ ተኩል) ኩንታል» ከተባለ ስህተት አይፈጠርም።

3. ማህተም በጽሑፍ ላይ ካረፈ ሁለቱም ጥቁር ሆነው ይደርሳሉ። ስለሆነም ስም፣ ቀንና መጠን በማህተም እንዳይሸፈኑ በቂ ቦታ ይተዉ።

4. የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና መታወቂያ በመሣሪያው ማስገቢያ ስለማያልፉ በኤ4 ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ። ኮፒው ከጠቆረ ቀለሙ ተቀንሶ እንደገና ይነሣ።

5. የስቴፕለር ሽቦ ያውጡ፤ እጥፋቱን ያቃኑ። የረጠበ ወረቀት ወይም ያልደረቀ ቀለም አያስገቡ።

6. ከፊት መሸኛ ገጽ ያድርጉ። በእሱም ላይ የተቀባይ መሥሪያ ቤትና ክፍል፣ የላኪ ስም፣ ቀበሌና ስልክ፣ ጉዳዩ፣ ቀንና የገጽ ብዛት ይስፈር። በየገጹም 1/3፣ 2/3፣ 3/3 ብለው ቁጥር ይስጡ።

በመላክ ጊዜ

የፋክስ ቁጥሩን ከአካባቢ መለያው ጋር ይያዙ፤ ለሆሳዕናና ለሀዋሳ 046፣ ለአዲስ አበባ 011 ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ ባለሙያው መሣሪያውን «ፋይን» በሚለው ላይ እንዲያደርገው ይጠይቁ፤ መስመሮቹ በእጥፍ ይጨምራሉ። የተጻፈበት ገጽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ተገልብጦ ከገባ ባዶ ወረቀት ይደርሳል፤ መሣሪያው ግን «ኦኬ» ይላል። ስለዚህ ማረጋገጫ ወረቀቱን ከተቀበሉ በኋላም ስልክ ደውለው ስንት ገጽ እንደደረሰና መጠኑ እንዴት እንደተነበበ ይጠይቁ። መብራት ከተቋረጠም የቀረው ገጽ የትኛው እንደሆነ በቁጥሩ ይታወቃል።

ማሳሰቢያ

• ዋናውን ሰነድ ከማረጋገጫው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ በኋላ ዋናው ሊጠየቅ ይችላል።

• መልሱ በሚያብረቀርቅ ስስ የፋክስ ወረቀት ከመጣ ጽሑፉ በሙቀትና በፀሐይ ይደበዝዛል። በደረሰበት ቀን ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ።

• ጥያቄውን ከመላክዎ በፊት የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ያስነብቡ። ሌላ ሰው በቀላሉ ያላነበበው ወረቀት በፋክስ ከተላከ በኋላ ይብስበታል።